ላልተሰበረው ቴርሞሜትር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ርዕሰ መምህር አቶ ባየህ ገብረማርያም
ወረታ

ጉዳዩ፦ ቴርሞሜትሩ ባለመሰበሩ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር አቶ ባየህ ሆይ፣ ለሆነው ነገር ሁሉ ኃላፊው እርስዎ ነዎትና በስምዎ ልጀምር፤ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከቀበቶዎ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሿ ቁልፍም ደኅና ናት? እኛ በገበያው በኩል ያለን ሰዎች አላህ ይመስገን ደኅና ነን። ሩዙ ሊደርስ ነው፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ይህ ደብዳቤ በልጄ በአብዱልሃኪም የሩዝ መፈልፈያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍና ሩዝ ይዞ የመጣ ሁሉ ወረፋ ሲጠብቅ ስለሚያነበው፣ እርስዎ ባያስፈልግዎትም ለማያውቁኝ ማንነቴን ልናገር። ሀቢባ መሐመድአወል እባላለሁ። በወረታ ገበያ ሩዝ እሸጣለሁ። ዕድሜዬ ስድሳን ከተሻገረ በኋላ፣ እርስዎ በሚመሩት ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ለጎልማሶች በሚሰጠው ትምህርት፣ ጉልበቴ በማይገባበት ዴስክ ሥር እግሬን አጥፌ ፊደል ቆጥሬአለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እናታችን» ብለው እያስነሡ ከመጽሐፍ አንድ ገጽ የሚያስነብቡኝ ሴትዮ እኔ ነኝ። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ እርስዎ አንገትዎን ዝቅ አድርገው ምስጋናውን ይቀበላሉ፣ እኔ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ዘበኛው አቶ መባ መልእክትዎን አድርሶኛል። በኅዳር እንግዶች ስለሚመጡ ጥሩ ልብስ ለብሼ እንድገኝ፣ ያችኑ ገጽ እንዳነብ፣ የልጄ ልጅ ያስሚንም ነጭ ጋውን ለብሳ በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ቴርሞሜትር ይዛ እንድትቆም አዘዋል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ያለብኝን ምስጋና በተራ በተራ ላቅርብ፤ የተማረ ሰው ጉዳዩን በቁጥር ከፍሎ ይጽፋል ተብለን የተማርነው እርስዎ ዘንድ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ቤተ ሙከራው አመሰግናለሁ። ክፍሉን ያሠራነው እኛ ነን፤ የፎገራ ገበሬ ከምርቱ፣ የወረታ ነጋዴ ከሱቁ አዋጥቷል። ዕቃው በካርቶን ሲመጣ እናቶች እልል ብለናል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ባለመስታወት በር ካቢኔ ውስጥ ገባ፣ ካቢኔው ተቆለፈ፣ ክፍሉም ተቆለፈ፤ ተማሪዎቹም ከውጭ በመስኮት እያዩ ሳይንስ እንዲማሩ ተደረገ። ያስሚን በካቢኔው ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከነተራው በስም ትጠራዋለች፤ አንዱንም ነክታው አታውቅም። ባለፈው ክረምት ውሃው ሜዳውን ሞልቶ ግቢያችሁ ድረስ በገባ ጊዜ፣ ዴስኮቹን አስደርድረው ካቢኔውን ከላይ ማስወጣትዎን ሰምቻለሁ። ዴስኮቹ ውሃ ጠጥተው ተጣመዋል፤ ልጆቹ አሁንም ይቀመጡባቸዋል። ካቢኔው ግን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፦ ያስሚን ዕቅድ እንድታወጣ ስለተፈቀደላት አመሰግናለሁ። አምና በመጋቢት ሙቀት የመፈልፈያው ዲናሞ ተቃጠለ። ሊጠመጥመው የመጣው ባለሙያ የከሰለውን ሽቦ እየጎተተ ሲያወጣ፣ ዲናሞን የሚገድለው ሙቀት ነው አለ። ያስሚን ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት፣ ገና እየሞቀ ሳለ፣ ሙቀቱ ምን እንደሚያደርገው ጠየቀችው። ሰውዬው ሳቀና ይህን አስተማሪዎችሽን ጠይቂ አላት። ጠየቀች። የፊዚክስ መምህርቷ ጽጌሬዳ መልሱን ከመንገር ይልቅ ራሷ የምታገኝበትን መንገድ በዕቅድ ጽፋ እንድታመጣ አዘዘቻት።

ዕቅዱን በጣቴ እየተከተልሁ ራሴ አነበብሁት፤ ጊዜ ወስዶብኛል። ከተቃጠለው ዲናሞ ያልተጎዳ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ትመርጣለች፣ በእንጨት ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ትነክረዋለች። ውሃውን ከቀዝቃዛው ጀምራ በየጥቂቱ እያሞቀች፣ በየደረጃው ሁለት ነገር ትለካለች፦ ሙቀቱን በቴርሞሜትር፣ ሽቦው ኮረንቲውን የሚያግድበትን መጠን ደግሞ፣ መጽሐፉ ሙግደት የሚለውን፣ በአባቷ በአብዱልሃኪም ቴስተር። ውሃው ሲቀዘቅዝም እንደገና ትለካለች። ቴስተሩ የራሱ ባትሪ ስላለው ከግድግዳው ኮረንቲ ጋር ምንም ንክኪ እንደሌለው ለብቻው አስምራ ጽፋለች። የሚለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ሽቦው ያው፣ ርዝመቱ ያው፣ አያያዙም ያው ይሆናል። ቶሎ እንድትጨርሺ ለምን ሁለት ሦስቱን ባንዴ አትለውጪም ብላት፣ ያን ጊዜ የትኛው ምን እንዳደረገ አላውቅም አለችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ባንዴ ሲለዋወጥብኝ ስለኖረ፣ የትኛው ምን እንዳደረገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽቦ ነበራት፣ ድስት ነበራት፣ ቴስተር ነበራት። የጎደላት ቴርሞሜትሩ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ንብረት አያያዝዎ አመሰግናለሁ። ቴርሞሜትሩን ለመዋስ ብንጠይቅ የንብረት ክፍሉ ደብዳቤ ይጻፍ አለ፤ መምህርቷ ጻፈች። ቢሰበር ማን ይተካል አለ፤ እኔ ዋስ እሆናለሁ አልሁ። ዋስ ደመወዝተኛ መሆን አለበት ተባልሁ። ሩዝ ሻጭ ደመወዝ እንደሌላት ስላስታወሱኝም አመሰግናለሁ፤ ረስቼው ነበር። በመጨረሻ መምህርቷ፣ ያስሚንና እኔ ሦስታችን ቢሮዎ ገባን። ተቀመጡ አላሉንም፣ እኛም አልተቀመጥንም። ዕቅዱን እንደ ያዙ፣ ሳያነቡት፣ እንዲህ አሉ፦

«ሽቦ ሲሞቅ ሙግደቱ እንደሚጨምር መጽሐፉ ላይ አለ። የታወቀ ነገር ምን ያስለካል? ገልብጪና ሠንጠረዡን ሙዪው።»

ያስሚን መሬት መሬት እያየች መለሰችልዎ፦ «እኔ አላወቅሁትማ፣ ጋሼ።»

እርስዎ ሳቁ። መምህርት ጽጌሬዳ ዝም አለች። አልወቅሳትም፤ እሷ ደመወዝተኛ ናት። እኔ ግን ያን ንግግርዎን ይዤው ወጣሁ፣ እስከ ዛሬም ይዤዋለሁ። ፊደሉም እኮ የታወቀ ነበር፣ አቶ ባየህ። ከእኔ በፊት ወረታ በሙሉ ያውቀው ነበር፤ በሰፈሬ አፍንጫውን መጥረግ ያልቻለ ሕፃን «ሀ» የቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ለማወቅ በስተርጅና ስመጣ ያጨበጨቡልኝ እርስዎ ነዎት። ያጨበጨቡት ለምን እንደነበር አሁን ግራ ገብቶኛል።

አራተኛ፦ ይህ እርስዎን ባይመለከትም እግረ መንገዴን ላንሳው። የመድኃኒት ቤቱ አብዱልባሲጥ አዝኖልን የትኩሳት መለኪያ አዋሰን። ከአርባ ሁለት ዲግሪ እንዳታልፍ፣ ካለፈች መስታወቱ እንደሚፈነዳ አስጠነቀቃት። እሷም ለብ ካለው ውሃ እስከዚያው ድረስ ለካች። ቴስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ አለ፤ ከፍ ያለው ግን እንዲያው ለስሙ ነበር። ያን ሰሞን ለጉልበቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ እመላለስ ነበርና፣ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ቁልፍም ንብረት ክፍልም እንደሌለው አይቼ፣ እዚያ ልውሰድሽ አልኋት። እምዬ፣ ሙቅ ውሃ መቼ አጣሁ፣ ያጣሁት ምን ያህል እንደሞቀ ነው አለችኝ። በወረቀቷም መጨረሻ ላይ የለካችው በጠባብ ክልል ስለሆነ ስለ ቀረው መናገር እንደማትችል ጻፈች። ማንም እንዲህ ጻፊ አላላትም።

አምስተኛ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ለዞኑ የሳይንስ ዐውደ ርእይ ወረቀት ሲመረጥ የያስሚን «ያልተሟላ» ተብሎ ቀረ። የሄደው የሌላ ልጅ ነው። ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ስሙን አላነሣም። ሠንጠረዡ በቤተ ሙከራው ደጃፍ ተለጥፎ ስለነበር ቆሜ አነበብሁት። ቁጥሮቹ አንዱም ሳይዛነፍ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ ውሃውም በመቶ ዲግሪ ፈልቷል። መምህርት ጽጌሬዳ ያስተማረቻቸው፣ ያስሚንም ቤት መጥታ የነገረችኝ፣ እንደኛ ባለ ከፍታ ላይ ውሃ መቶ ሳይደርስ እንደሚፈላ ነበር። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ከካቢኔው ሳያወጣ በወረታ ምድር ውሃን በመቶ ዲግሪ ያፈላ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የእርስዎ ነው። የምስክር ወረቀቱ ፍሬም ገብቶ ከወንበርዎ በላይ መሰቀሉን ሰምቻለሁ። ይገባዎታል።

ስድስተኛ፦ ያስሚን ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ ማኅበራዊ ሳይንስ መርጣለች። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «እዚያ ቴርሞሜትር አይጠየቅም፣ እምዬ» አለች።

አላለቀስሁም። እሷም አላለቀሰችም። የጠመጠመችው ሽቦ ተፈትቶ አሁን የጆንያ አፍ እናስርበታለን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሩዝ ትመዝንልኛለች፤ ሚዛኑ ለምን ወደ ግራ እንደሚያዘነብል፣ የዝናብ ሰሞን ሩዝ ለምን እንደሚከብድ ስትነዘንዘኝ የኖረች ልጅ አሁን የምትነግረኝ ኪሎውን ብቻ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለአሮጊት ጆሮ ጸጥታ ጥሩ ነው ይባላልና ለዚህም ላመሰግንዎ ይገባኝ ይሆናል፤ እርግጠኛ ስላልሆንሁ ግን ይህን ከቁጥር አላስገባውም።

አሁን ወደ ትእዛዝዎ ልመለስ። ያስሚን አትመጣም። መልእክቱን ስነግራት፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ክፍሉ ተመልሶ ይቆለፋል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ጋውኑን ለካቢኔው ያልብሱልኝ፤ ቴርሞሜትሩን ሲይዝ የኖረው እሱ ነው፣ ፎቶውም ለእሱ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መምህርት ጽጌሬዳ ሱቄ መጥታ ነበር። ተማሪ የመረጠውን ዘርፍ እስከ ኅዳር መጨረሻ በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ መለወጥ እንደሚችል ነገረችኝ፤ ያስሚን ብትመለስ ዕቅዱ እንዳለ ተቀምጦ ይጠብቃታልም አለች። ለልጅቱ ነገርኋት። ብመለስ ምን ይለወጣል አለችኝ። መልሱ ያለው ከቀበቶዎ ላይ ነው። ለምኜ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ መለመን ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ዘንድ ደግሞ እሱ አልቋል። እንዲያው ቀኑ ሲያልፍ አላወቅሁም ነበር እንዳይሉ ነው።

ለቁልፍዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለካቢኔዎ መስታወት ጽዳትን፣ በውስጡ ላሉት ዕቃዎችም ማንም የማይነካው ሰላማዊ እንቅልፍን እየተመኘሁ፣ ለተደረገልን ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን፣ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ሀቢባ መሐመድአወል
ሩዝ ሻጭ፣ ደመወዝ የሌላት

ግልባጭ፦
ለመፈልፈያ ቤቱ ግድግዳ
ለመምህርት ጽጌሬዳ፣ ታነበው ዘንድ ብቻ
ለካቢኔው፣ በመስኮት በኩል

ሳልዘነጋው፦ በእንግዶች ፊት ሳነባት የኖርሁትን ገጽ ከመደጋገሜ የተነሣ ዓይኔን ጨፍኜ ልወጣት እችላለሁ። ምን እንደምትል እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ ዘበኛው አቶ መባም ያውቃል። የታወቀ ነገር ደግሞ ምን ያስነብባል? ለእንግዶቹ ከመጽሐፉ ይገልብጡላቸው። ማንበቤን አልተውሁም፤ መድኃኒት ቤት ያለውን ጽሑፍ፣ የጆንያውን ጽሑፍ፣ የያስሚንን ዕቅድ አነባለሁ። እርስዎ እናታችን ብለው ሲጠሩኝ ግን ከእንግዲህ ተነሥቼ አላነብም።