«እማዬ» የሚለው ክላክስ

ጂንካ፣ የካቲት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለበኩር ልጄ ለዘሩ
ሻሸመኔ

ልጄ ዘሩ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እህል ውሃው ተስማማህ? የሻሸመኔ ብርድ ያን ሳልህን መልሶ አልቀሰቀሰብህም? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሱቁንም ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አላስጻፍኩትም። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ «እማዬ፣ ለጨውና ለሳሙና መመዝገቢያ ይበቃሻል» እያልክ ስትቀልድበት የነበረው ጽሕፈቴ ይኸው ለቁም ነገር ዋለ። ፊደሉ ቢንጋደድም አትሳቅብኝ። ጸሐፊ ይዤ ቢሆን ግማሹ ጂንካ ካንተ ቀድሞ ያነበው ነበር። የምታደርስልህ መምህርት አይናለም ናት፤ ለስብሰባ ወደ አዋሳ ስትሄድ ታልፍብሃለች። ውስጡ ያለውን አታውቅም፣ አንተም አትንገራት።

እህትህን መኪና ገጭቷታል። በሕይወት አለች፤ መጀመሪያ ይህን አንብብና ትንፋሽህን ሰብስብ። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ስብራቱ ሳይሆን ቁስሉ ነው ያስፈራኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትኩሳቱ አልለቃትም። ሐኪሙ ቁስሉ ካመረቀዘ ወደ አርባ ምንጭ እልካታለሁ አለኝ። እዚያ ምን ያደርጉላታል ብዬ ስጠይቀው መስኮቱን ያይ ጀመር። እግሯን መቁረጥ እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ አንተ ከእኛ ጋር አድረህ የወጣህበት ጠዋት ማለት ነው። ወሬው ሳይደርስህ የወይጦን ወንዝ አልፈህ ሄደሃል።

ሰኞ ማታ ራት ላይ ያወራነውን ታስታውሳለህ? እህትህ ዕፀገነት ጤና ጣቢያው ብስክሌት ከሰጣት ወዲህ ሾፌሮች እንዴት እንደሚያሳቅቋት ስትነግርህ፣ አንተ «ዳር ዳሩን ሂጂ» አልካት። «ዳሩ ጠጠር ነው፣ ጎማው ይንሸራተታል። ደግሞስ ዳር ብሄድ የት ያዩኛል?» አለችህ። ቀጥላም ያንን ተናገረች። «ለላም ትቆማላችሁ፣ ባለቤቷ ጦር ይዞ ስለሚመጣ። ለእኔ ማን ጦር ይዞ ይመጣል?» አንተ ሳቅህ፣ እኔም ሳቅሁ። «እኔ እንደሆንኩ በክላክስ አስታውቅሻለሁ» ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ይሉ የለ፤ አንዱን ሾፌር፣ አንዷን ብስክሌተኛ አድርጌ ወልጄ በአንድ ገበታ አስቀምጫችሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከጤና ጣቢያው ልታመጣ ካንተ ቀድማ ወጣች። አንተ ገና ገበያው ዳር የጫናህን ሸራ ታጠብቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሣጥኑን ከኋላዋ አስራ ስትመለስ፣ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ፣ ከቤታችን በር ትንሽ አለፍ ብሎ ካለው ቱቦ አጠገብ፣ አንድ የጭነት መኪና በጎኑ መሪዋን ነክቶባት ከነብስክሌቷ ቦይ ውስጥ ወደቀች። በጋ ነውና አቧራው አገሩን ሸፍኖት ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ያየሁት አቧራውን ብቻ ነው። ወደ ሱቄ ገብቼ ስኳር መስፈር ጀምሬ ነበር ሰዎች ስሜን እየጠሩ የመጡት። መኪናው አልቆመም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ሶርሳን ይዘውት መጡ። ታውቀዋለህ፤ ያ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ፣ የነጋዴውን አሮጌ መኪና የሚነዳው፣ አንተ ራስህ ጎማ መቀየር ያስተማርከው። በዚያ ጠዋት እሱም በዚያው መንገድ ሄዶ ኖሮ፣ የመኪናው የፊት መከላከያ ተጣሞ ስላገኙት እሱ ነው አሉ። በሬ ገጭቼ ነው ቢል ማን ይስማው። ሚስቱ አስካል የሚጠባ ልጇን ይዛ ከፖሊስ ጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጣለች። ዘመድ የላት፣ ጠበቃ የላት።

እኔ ለሶርሳ ምሳ እወስዳለሁ። ልጅሽን የገጨውን ታበያለሽ ወይ እያሉ ጎረቤቶቼ አፋቸውን ይይዛሉ። ለምን እንደምወስድለት አሁን ልንገርህ።

ዕፀገነትን ከቦዩ አንስተን ስንወስዳት፣ ሕመሙ ገና ሳይጠናባት፣ እጄን ይዛ «ክላክሱን ሰምቼ እጄን አነሳሁ» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ለፖሊሱም ክላክስ እንደሰማች ብቻ ነው የነገረችው። የማን ክላክስ ነው ሲላት «የመኪና» አለችው። እንደ አባቷ ናት፣ ነፍሱን ይማረውና፤ አልናገርም ካለች በጉጠት አይወጣም።

ዘሩ፣ አንተ የመንገድ ሰው ነህ፣ ታውቀዋለህ። በእኛ አገር ክላክስ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ለማያውቁት «ዞር በል» ነው፣ ለሚያውቁት «እንደምን አደርክ» ነው። ዞር በል ለሚላት መኪና ብስክሌቷን ይዛ ወደ ዳር ትሸሻለች እንጂ እጇን አታነሳም። በዚያ ጠጠር ላይ፣ ከኋላዋ ሣጥን ጭና፣ አንድ እጇን ከመሪው ለቃ የመለሰችው ለሰላምታ ነው። የምታውቀውን ክላክስ ሰምታ ነው።

ሐሙስ ዕለት ለሶርሳ ምሳውን ሳቀብለው አጥሩን ተጠግቶ በሹክሹክታ እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ እኔ ልጅሽ አልገጨም። ክላክስ ሰማች አሉ። የኔ መኪና ክላክስ የታለ?»

እውነቱን ነው። ሶርሳ በገበያ ሲያልፍ በሩን በመዳፉ እየደበደበ፣ እየጮኸ እንደሚያልፍ ማን የማያውቅ አለ? አንተም ታስቀን የነበረው በእሱ አይደል? ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም ስለው፣ ክላክስ የሌለው መኪና ነዳህ ብለው መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል ብሎ ፈርቷል። ከወንድሞቹ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ያወጣው እሱ ብቻ ነው። ምሳውን አቀብዬው ስመለስ ከአስካል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጇን አሳቀፈችኝ። ምን እንዳሰብኩ ብታውቅ አታስነካኝም ነበር።

በዚያ ጠዋት በደጃፌ ያለፈ ክላክስ አንድ ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እ፣ ማ፣ ዬ።

ያ ሾፌር ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ ገጭቶ የሚሸሽ ልብም የለውም። የእሱ ችግር አክብሮቱ ነው። ሽማግሌ ሲያይ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ቄስ ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ እናቱን ሲያይ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እጅ ይነሳል። እግረኛ ቢያጎነብስ ቢበዛ እንቅፋት ይመታዋል። መሪ የጨበጠ ሰው ሲያጎነብስ ግን መኪናው አብሮት አይቆምም። በሯ ላይ የቆመችውም ሴት አጎንብሳ መለሰችለት። ሁለት ሰው ሲጎነባበስ መንገዱን የሚያይ አልነበረም። ረዳቱም ሸራው ላይ ተኝቶ ነበር።

አላወቀም። በመድኃኔዓለም ስም እምልለታለሁ። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ግን አላወቅሁም ማለት አይችልም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእስረኛ ግን እያደር ነው የሚጨልመው። ሶርሳን ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ለፍርድ ወደ አርባ ምንጭ ይልኩታል። እኔ በዋዜማው ረቡዕ ጠዋት ጣቢያው እሄዳለሁ። የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ የሶርሳ መኪና ክላክስ የለውም። ታዲያ የማን ክላክስ ነው ብለው ከጠየቁኝ፣ እኔ እንደ እህትህ «የመኪና» ብዬ መመለስ አልችልም። ከረቡዕ በፊት ሌላ ሰው ቀድሞኝ በዚያ በር ቢገባ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታና እንደዚያ ያለ ሐዘን አላይም።

እንደምጽፍልህ ዕፀገነት አታውቅም። ነገሩን እንደደረስኩበት ከፊቴ አንብባ ትናንት ማታ «እማዬ፣ ወንድሜን በእግሬ አትለውጪው» አለችኝ። እሺ አልኳት። በእግሯ አልለውጥህም። ባንተ ፈንታ ሶርሳን ላሳስር ግን አልችልም፤ የአስካልን ልጅ አቅፌዋለሁ።

ስትመጣ በአውቶቡስ ና። መኪናህን አቁመህ ና። መጀመሪያ ወደ እኔ አትምጣ፤ የምትሄድበትን ታውቃለህ። ከዚያ እህትህ ዘንድ ግባ። አትቆጣህም። የተጣመመውን ጎማ እንዲያቀኑላት ልካለች፤ እግሬ ሲድን ክትባቱ ይጠብቀኛል ትላለች። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጠጠር ላይ። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ክላክስ በሰማሁ ቁጥር የምሰፍረውን ስኳር ጥዬ ወደ መንገዱ እሮጣለሁ።

ለእኔ ማን ጦር ይዞ ይመጣል ብላህ አልነበር? ይኸው እኔ መጥቻለሁ። ጦር የለኝም፣ የያዝኩት እስክሪብቶ ነው፤ የመጣሁበትም ሰው የገዛ ልጄ ነው። ከአባትህ ሞት በኋላ እንዲህ ያለ ሌሊት አላሳለፍኩም።

እግዚአብሔር ዓይኑን ካንተ፣ ዓይንህን ከመንገድ አያንሳ። የረገጥከው ይቅናልህ፤ የእህትህን እግር ይማርልን፤ የአስካልንም ቤት አይዝጋው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እግዚአብሔር ፈቅዶ እንደገና መሪ ከጨበጥክ፣ በደጃፌ ስታልፍ እንዳላየኸኝ እለፈኝ። ስድ ነህ አልልህም፣ እንደ ሰላምታ እቀበለዋለሁ። እማዬ ማለት ሲያምርህ ግን ከመኪናው ወርደህ፣ በአፍህ በለኝ።

እናትህ ጥሩነሽ