ኮዴ መጠየቅ ተማረ

ሐሙስ፣ ጥር 14

የሴኩሪቲዎችን ፈረቃ እንዲያሳይ የሠራሁት ፕሮግራም ዛሬ አሳፈረኝ። በኮምፒውተር ገጹ ደህና ይከፈታል፤ አብሮኝ በሚኖረው በግርማ ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን ባዶ ሆነ። አፑ የሚፈልገው ጄሰን የሚባለውን ቅርጽ ነው፣ ጥሬ መረጃውን ብቻ። ኮዴ ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ ሙሉ ገጽ ይልካል።

ግርማ ሳቀብኝ። «ኸላስ፣ ተወው! የኛ ሹግል በር መጠበቅ ነው።»

አልተውም! ዌስት ቤይ በምጠብቀው ሕንፃ በር ላይ እንግዳውን በፊት ለፊት፣ ዕቃ ያመጣውን በጓሮ የማሳልፈው ምን ፈልገህ መጣህ ብዬ ነው። ኮዴንም አስቀድሞ እንዲጠይቅ አደረግኩት፦ ገጽ ለፈለገ ገጽ፣ ጄሰን ለፈለገ ጄሰን፣ ሌላ ለፈለገ «የለንም»።

ግርማ አፑን ከፈተ። የነገ ፈረቃው ቁልጭ ብሎ መጣ።

«ለጠየቀህ ሁሉ ንገር፤» አልኩት። «የሠራው በር ጠባቂ ነው።»