ሦስት ቀን የዘገየ ስም

ከባሕሩ ወዲያ፣ በርችታውን በምትባል መንደር ለምትኖረው ለወንድም ጋሼ ለፕራይመስ ይድረስ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርዱ ያበጠው እግርህ ዳነልህ? ባለቤትህ ቫዮሌትስ ደህና ናት? ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ጀመረ? ባለፈው መከር በላክኸው ደብዳቤ፣ መሬት ቆፍራችሁ ጣሪያ አልብሳችሁ እንደምትኖሩ ካጻፍክ ወዲህ እማ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ስምህን እያነሳች ትጨነቃለች። አሁንስ የእንጨት ቤት ሠራችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው ነው። ልጄ ሮዳ አምስት ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ አባቷ ጁባም እዚያው ጀልባ ማሻገሪያው ላይ ይሠራል።

እኔ ኬዛያ ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ጎረቤታችን ጣቢታ ናት። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ብለው ባርኔጣቸውን ለንጉሥም አያወልቁም ከሚባሉት ምእመናን ናት፤ ለማንም ሰው «እርስዎ» አትልም። እኔንም «አንቺ»፣ ዳኛውንም «አንተ»።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ባለፈው ኦክቶበር ወንዙ ሞልቶ ቆዳ ማልፊያውን ጉድጓድ ሁሉ ደፈነው። ጌታችን ሚስተር ክራምሊ በዚያ ተማርሮ፣ በጸደይ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቨርጂንያ ሊሄድ ቆረጠ። እማን፣ እኔንና ሮዳን ይዞን ሊሄድ ነው ማለት ነው፤ ጁባ ግን ነፃ ሰው ስለሆነ እዚሁ ይቀራል። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ ሚስትየው፣ «ይህ ወንዝ ጠላትህ ነው፤ ያን ጊዜም የነኬዛያን ስም ልታስጽፍ ስትሄድ አምስት ቀን አግቶህ አልነበረም?» አለችው። እሱ ቀና ብሎ አየኝና «ሾርባው ቀዝቅዟል» አለ። ሾርባው ግን ይጨስ ነበር።

አንተ አምልጠህ ከሄድክ ወዲህ፣ በ1780 ስለወጣው ሕግ ሰምተህ ይሆናል። ባሪያ ያለው ሰው ሁሉ እስከ ኖቬምበር አንድ ድረስ የባሪያውን ስም፣ ዕድሜ፣ ወንድ ይሁን ሴት በወረዳው መዝገብ ያስጽፍ፤ ያልተጻፈው ነፃ ነው፤ ይላል። ሚስተር ክራምሊ በዚያን ዓመት ከከተማ ሲመለስ «አስጽፌያችኋለሁ» አለን፤ በቃ፣ ተቀመጥን። መቼ ብለን አልጠየቅንም። ከዚያ ምሳ በኋላ ግን ያቺ «መቼ» ጆሮዬ ውስጥ እንደ ትንኝ ገብታ አልወጣ አለች። ቅቤ ስንጥ መቼ፣ ልብስ ሳጥብ መቼ። ነፃ እሆናለሁ ብዬ እንኳ አይደለም፤ ማወቅ ብቻ አማረኝ።

ለጣቢታ ነገርኳት። «ከመጠርጠር ማየት ይሻላል። ቅዳሜ ገበያ እንሄዳለን» አለች። «ለእመቤቲቱ ምን ልበላት?» ብላት፣ «እውነቱን ነዋ፤ ቅቤ ልንሸጥ ነው በያት። ከዚያ በኋላ ወዴት ትሄዳላችሁ ብላ ከጠየቀች እነግራታለሁ» አለችኝ። እመቤቲቱ አልጠየቀችም።

መዝገብ ቤቱ ያገኘነው ጸሐፊ አፍንጫው በሱረት የጠቆረ ሽማግሌ ነው። ጣቢታ «መዝገቡን አሳየን» ስትለው፣ «አሳየን» መባሉ ከመዝገቡ በላይ አናደደው። «መዝገቡ የጌቶች ነው» አላት። «ሕግ ያስጻፈው ነው፤ አንተም የተቀመጥከው ሰው ሲጠይቅህ ልትከፍተው ነው» አለችና ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ሰውዬው እንደማትነሳ ሲያውቅ ከፈተው። «ኬዛያ፣ ሴት፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ። ይኸው ተጽፈሻል፣ ሂጂ» አለኝ። ሊዘጋው ሲል ግን «ቀኑስ?» አልኩት። «ቀኑ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። እጄን ገጹ ላይ ጫንኩበት፤ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። በስሜ ትይዩ «ኖቬምበር አራት» ይላል። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ ወንድም ጋሼ፤ ማንም አልነገረኝም። እሱም መዝገቡን ከጣቴ ሥር መንጭቆ ከደነው።

ጣቢታ ከፊላደልፊያ ጠበቃ አስመጣች፤ ሚስተር ሾትዌል ይባላል፣ ቀጭንና ሳላም ሰው ነው። ጉዳዩ በፌብሩዋሪ ፍርድ ቤት ቀረበ። እኔም እማም አንዲት ቃል አልተናገርንም፤ መዝገቡ ነው የተናገረው። ሚስተር ክራምሊ ግን ተነስቶ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ወንዙን እኔ አልሞላሁት! እግዜር በዘጋው መንገድ እኔ ለምን እቀጣለሁ?» አለ። እውነት ልንገርህ፣ ጥያቄው እኔንም ያዘኝ። ጎርፍ ያስቀረውን ሰው ሕግ ምን ይለዋል? እኔ ዳኛ ብሆን ምን እል ነበር? ተከራካሪነቴን ረስቼ መልሱን ለመስማት አንገቴን አሰገግሁ። ዳኛውም መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ፣ «ወንዙን አንተ እንዳልሞላኸው ፍርድ ቤቱ ያምናል። ሕጉ የወጣው ግን በማርች መጀመሪያ ነው። ለመሆኑ ወንዙ ስምንት ወር ሙሉ ሞልቶ ነበር?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሚስተር ክራምሊ ቁጭ አለ።

በቀኑ ስላልተጻፍን ባሪያ አይደላችሁም ተባልን። ሮዳም ከነፃ እናት ስለተወለደች፣ ሕጉ ከባሪያ እናት ለሚወለዱት እንዳዘዘው እስከ ሃያ ስምንት ዓመቷ አገልግዪ የሚላት የለም። ጁባ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ከበሩ ወጣ። እማ ግን አልተደሰተችም፤ ተቆጣች። «አምስት ዓመት ከሦስት ወር! ነፃ ሴት ሆኜ ነው ለካ ያን ሁሉ የገማ ቆዳ ያጠብኩት! ምነው ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ?» እያለች እስከ ጀልባው ድረስ ስትነጫነጭ መጣች። እኔም የማስበው እሱን ነው። በእነዚያ ዓመታት ምን ነበርኩ? ሳላውቀው ነፃ ከነበርኩ፣ ነፃነቱ ለምን አልተሰማኝም?

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዳይናን ታስታውሳታለህ፣ አንጥረኛው ቤት ያለችውን። የሷ ስም የተጻፈው በጊዜው፣ በሴፕቴምበር ስለሆነ ባሪያ ሆና ቀርታለች። ከሚስተር ክራምሊ ቤት ስወጣ ልትሰናበተኝ መጥታ፣ «ያንቺ ጌታ ሰነፍ ነው፣ የኔ ትጉህ ነው። እኔና አንቺ በምን ተለያየን?» አለችኝ። መልሱን አንተ ካገኘኸው ጻፍልኝ።

አሁን አንተን ወደሚመለከተው ልምጣ። ከፍርዱ በኋላ እማ «ስሜ የተጻፈበትን አሳዩኝ» ብላ መዝገቡ ወጣላት። እያነበብኩላት ሳለ ከኔ ሥር ሦስተኛ ስም አየሁ፤ «ፕራይመስ፣ ወንድ፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት» ይላል። ከጠፋህ ሁለት ዓመት አልፎህ እንኳ አስጽፎሃል! እማ «የቱ ጋ ነው?» አለች። ጣቷን ይዤ አስቀመጥኩላት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው አቆየችው። ከዚያ «ስንት ዓመቱ ይላል?» አለችኝ። ሃያ ሁለት ስላት፣ «ውሸቱን ነው! ያኔ ሃያ አራት ነበር፤ የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች። ጸሐፊው ብዕሩን አጥቅሶ «ላርመው?» ሲላት እጁን ያዘችው። «ተወው። የሃያ ሁለት ዓመቱን ሰው እነሱ ይፈልጉት። የኔ ልጅ እዚህ ውስጥ የለም» አለችው።

ሚስተር ሾትዌል ይህን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ፤ ግን ዳኛው ስላንተ ምንም ስላላለ፣ አንተም ነፃ መሆንህን እሱ ጠይቆ እስኪያረጋግጥልን ድረስ እንዳትመጣ ብሏል። እኔም የሱን ምክር እሰማለሁ፤ ልቤ ግን መንገድ መንገዱን ያያል። ሚስተር ክራምሊ በዚህ ወር ያለ እኛ ሄዷል። እኛ በማሻገሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ይዘናል።

ለቫዮሌት በእኔና በእማ ስም ሰላምታ አቅርብልን፤ ሕፃኑን ሁለት ጉንጩን ሳምልን። ጁባ እጅ ይነሳል። ሮዳ አጎቷ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላለች። ጣቢታም «በደህና ኑር» ትልሃለች፤ በ«አንተ»። እማ ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ «ሃያ አራት እንደነበር አይርሳ በይልኝ» አለች።

እህትህ ኬዛያ
ከድንጋይ ማሻገሪያ፣ ፔንሲልቬንያ
ኤፕሪል 23 ቀን 1786