ሬዲዮ ጉንፋን አይዘውም

ውድ ጋሼ መስኮት፣

በዚህ ስም ፊት ለፊት ጠርቼዎት አላውቅም። ተማሪዎቹ ከኋላዎ ሲጠሩዎት ግን አብሬ እስቅ ነበር፤ ዛሬ ርቀው ስላሉ ደፈርኩ። የትኛውም ክፍል ሲገባ ከሰላምታ በፊት መስኮት ለሚከፍት ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ጡረታ ወጥተው ልጅዎ ጋ ከሄዱ ዓመት ሊሞላዎት ነው። አሁን ተነስቼ ምስጋና ስጽፍ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉኝ ይሆናል። ቢሉኝም እውነትዎን ነው።

ያን ዓመት አይረሱትም። እናቴ የካንሰር ሕክምና ጀምራ ነበር። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «መድኃኒቱ የሰውነቷን የመከላከል አቅም ያዳክመዋል። አንቺን ሦስት ቀን የሚያስነጥስሽ ጉንፋን እሷን ሊገድላት ይችላል» አለኝ። ቀጥሎ ሥራዬን ጠየቀኝ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ መሆኔን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ለምን እንደሆነ ገባኝ። አምሳ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። አንዱ በጆሮዬ ምስጢር ሊነግረኝ ይጠጋና ከምስጢሩ በፊት ሳሉ ይቀድመዋል። አንዷ የወለቀ ጥርሷን ከነደሙ መዳፌ ላይ አስቀምጣ «ቲቸር፣ ያዢልኝ» ትላለች። ንፍጡን በጋውኔ ከጠረገ በኋላ «እወድሻለሁ» የሚለኝም ነበር፤ እሱን እንዴት ይቆጡታል?

ፈራሁ። እጄን እስኪሰነጣጠቅ ታጠብኩ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፈንኩ፣ ማታ ቤት ስደርስ ልብሴን በር ላይ ቀይሬ ገባሁ። ያም ሆኖ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ታመምኩ። ሁለቴም ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ከረምኩ፤ ጎረቤታችን ለእናቴ ምግብ ስታስገባላት እኔ ውጭ ቆሜ በተዘጋ በር አወራኋት። «ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የራቅሽኝ?» አለችኝ አንድ ቀን እየሳቀች። ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ መዞር የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ደመወዜ ከቀረ መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ ደብዳቤው ላይ አልተጻፈም ነበር።

ከዚያ ያ ከሰዓት መጣ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደብተር ሳርም ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጋዜጣዎን የሚያነቡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚያነቡት እኔን ኖሯል።

«ልጄ፣ እስቲ አውራ ጣትሽን አሳዪኝ።»

አሳየሁዎት።

«ከተቀመጥሽ ጀምሮ ስንቴ ላስሽው?»

ጥያቄው ራሱ አልገባኝም።

«እኔ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ቆጥሬ ደከመኝ። ልጆቹ ሲያስሉበትና ሲያስነጥሱበት የዋሉትን ደብተር በምላስሽ እየቀመስሽ፣ እጅ መታጠቡ ምን ሊረባሽ? የፊቱን በር ቆልፈሽ በጓሮ እያስገባሽው'ኮ ነው።»

ደንግጬ አፌን ያዝኩ፤ በዚያው እጄ። ወዲያው መልሼ ነጠቅኩት። እርስዎ ጋዜጣውን ፊትዎ ላይ አድርገው ትከሻዎ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ገጽ ስገልጥ ጣቴን በምራቅ እንደማርስ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ያስተማሩኝ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚገልጡት፤ ፊደሉን ስቆጥር ይህንንም አብሬ ቆጥሬዋለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ውሃ የጠጣ የጣት ማርጠቢያ ስፖንጅ አገኘሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ምላስሽ ለማስተማር ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ነገር ጣል ያደርጉልኝ ጀመር። ልጅ ሲያናግረኝ ፊቱ ላይ እንዳልደፋ፣ ጎኑ እንድቆም። ጠመኔዬን ለብቻ እንድይዝ። የምታጠበው ትምህርት ቤት ስደርስ ብቻ ሳይሆን ስወጣም እንዲሆን። ልጆቹንም «ከሀ ጀምራችሁ መ ድረስ በሰባቱም ሳትጨርሱ ሳሙናውን እንዳታለቀልቁ» ብለው አስተማሩልኝ። አምሳ ሁለት ልጅ ቧንቧ ላይ ሀ ሁ ሂ ሲል ጥናቱና ጽዳቱ ባንድ ላይ አለቀልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጤነኛ ሆኜ ከረምኩ።

ብርዱ ሲበረታ ግን ጉንፋኑ ትንንሾቹን ክፍሎች አዳረሰ። አንድ ቀን ከልጆቼ ሃያ አንዱ ቀሩ፤ የመጡትም እያተኮሳቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ይዤዎት፣ «ጋሼ፣ ለእናቴ ስል ተማሪዎቼን ፈራኋቸው» ብዬ አለቀስኩ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ርዕሰ መምህሯ ጠራችኝና ከነገ ጀምሮ የእርስዎን አራተኛ ክፍል እንድይዝ፣ የእኔን እርስዎ እንደሚይዙት ነገረችኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎት። ያመንኩዎትን ወስደው ለአለቃ የነገሩብኝ፣ «ይህች ልጅ ለሥራው አትሆንም» ያሉ መሰለኝ። አኮረፍኩዎት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰላም ሳልልዎት አለፍኩ። ክፍሎቻችን የሚጋሩት ግድግዳ ስስ ነበርና ሲያስሉ ይሰማኝ ነበር። ሳልዎ ሲብስ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። «ይበላቸው» አላልኩም፤ ግን ልጠይቅዎትም አልሄድኩም።

እውነቱን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ወለል እየወለወለች ሳለ የርዕሰ መምህሯ በር ክፍት ነበርና ሰምታለች። «እሷ ቤት የታመመች እናት አለች። እኔን ቤቴ የሚጠብቀኝ ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ጉንፋን አይዘውም። ቀያይሪን» ብለው ለምነው ኖሯል። ቤትዎ ተኝተው የነበሩትም ለዚያ ነው፤ በስልሳ ዓመትዎ፣ በእኔ ልጆች ጉንፋን። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩና የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኩት።

ሲመለሱ ከስተው ነበር። ይቅርታ ልጠይቅዎት ስንት ነገር አሰናድቼ፣ ስንገናኝ ከአፌ የወጣው «እንደምን አደሩ» ብቻ ሆነ። እርስዎም ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «አራተኛ ክፍልን አፈንሽብኝ፣ መስኮቱን ክፈቺ እንጂ» ብለውኝ አለፉ። የጡረታ ሽኝትዎ ቀንም በመምህራኑ ስም የተጻፈልኝን ንግግር አንብቤ ወረድኩ። እሱ የሁሉም ነበር፤ የእኔ ይኸው ዛሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የመጨረሻውን ምርመራ አይቶ እናቴን፣ «ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ብትመጪ ይበቃል» አላት። ቤት ገብተን ሁሉንም ነገርኳት፤ ስፖንጁንም፣ ኩርፊያዬንም። ክፍል የተቀያየርንበት ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«እና ታመሙ?»

«ዘጠኝ ቀን ተኝተዋል።»

«ከልብሽ አመስግነሻቸዋል?»

«አላመሰገንኳቸውም» አልኳት። ተነስታ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፣ «ከታች ለእኔም ቦታ ተዪልኝ» አለችኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ ላብቃ። ጋሼ፣ በሕይወት ያለች እናት አለችኝ፤ የእርስዎ እጅ አለበት። ይህን ውለታ እስክሞት አልረሳውም። ትምህርት ሲዘጋ እሷን ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪዎ፣
የጎረቤት ክፍል አስተማሪዋ

መምህር፣ ልጄን ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በር ሳይለየን ቁርስ የምንበላው አንድ ላይ ነው።
የተማሪዋ እናት