ሁለተኛው ዓይን

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 6 ሰዓት

እጄን ታጥቤ ነው የያዝኩህ፣ ደብተሬ። ጎማ ሲለጥፍ የዋለ እጅ ፊደል ያጠቁራል። ጠዋት አንድ ገልባጭ፣ ከዚያ ሁለት ባጃጅ። ጎሮ አቧራ ብቻ። ጽሕፈቴን እየው እስኪ። የማታ ት/ቤቱ ካስመረቃቸው አንደኛ ነኝ። መምህራችን በአፏ አላለችም፤ ፊቷ ላይ አንብቤዋለሁ። ት/ቤት ብዬ በጭረት ማሳጠርም ችያለሁ። የተማረ ሰው ጊዜ የለውም።

ባለቤቴ ፍሬወይኒ ግን በልጣኛለች። ከክረምት ጀምሮ አትላስ ጋ ባለ አንድ መ/ቤት የሰማይ ብርሃን ታያለች። ውጭ አገር ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ሰማዩን ሙሉ ያነሳል። ያነሳው ተቆጥሮ አያልቅም። ኮምፒውተር ይለየዋል፣ ይሳሳታል፣ እሷ ታርመዋለች። ይሄ ኮከብ፣ ይሄ ኳዛር። ኳዛር ማለት ኮከብ መስሎ ኮከብ ያልሆነ ነው። በጣም ሩቅ ካለ ጋላክሲ መሃል የሚመጣ ብርሃን። እዚያ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ሲውጥ ነው አሉ የሚበራው። እየበሉ ማብራት። እኔ ስበላ የሚወጣኝ ላብ ብቻ ነው።

አንዱን ብርሃን ሁለት ሰው ያየዋል። በየክፍላቸው። መነጋገር ክልክል ነው፣ ሕጉ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ መልሳቸው ጎን ለጎን ይታያል። ካልተስማሙ አለቃቸው ዶ/ር ሕይወት ትፈርዳለች። የፍሬ ሁለተኛ ዓይን ሳሙኤል የሚባል ወጣት ነው። ባለፈው ዓርብ እየሳቀች ገባች። ከሞላ ጎደል በሁሉም ተስማምተዋል።

በሁሉም። እኔና እሷ በመጋረጃ ቀለም እንኳ ገና አልተስማማንም። መስኮታችን ራቁቱን ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ይበትኑትና በመስመር ያወጡታል። ኮከብ ሲሆን ቀጫጭን ስንጥቅ። ኳዛር ሲሆን ሰፊ ጉብታ፣ ከበራችን እንደምናየው የረር ተራራ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም።

ሳሙኤል ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳት። እንጃ አለች፤ በደንብ አይታው አታውቅም። ይሄ ባሰብኝ። መልኩን የማታውቀው ሰው ሐሳቧን ያውቃል። እኔን በየቀኑ እያየችኝ እራት ምን እንደምፈልግ አታውቅም።

ይሄን ለማንም አልናገርም። ጉብታውን ስትሥል ዓይኗ ጠበብ አለ፣ የታች ከንፈሯን ነከስ አደረገች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። እኔ ሀ ሁ ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ የምታየኝ በዚያ ፊት ነበር። የኔ ነበር። አሁን ለኳዛር ሰጥታዋለች። ብርሃኑ የተነሳው መሬት ሳትፈጠር ነው ትላለች። ቀድሞኛል፣ ምን አደርገዋለሁ። ሳሙኤል ግን አልቀደመኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሥራ ዘግቼ አትላስ ሄጄ መጣሁ። ትናንትም ሄጄ ነበር፤ ያልጻፍኩልህ አፍሬ ነው።

ከመ/ቤቱ ፊት ለፊት ጁስ ቤት አለ፣ ፎቅ ላይ። ግቢው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዓቷን አውቃለሁ። ስፕሪስ አዝዤ በማንኪያ በማንኪያ። አስተናጋጇ ሌላ ነገር ልጨምር ወይ አለች፤ ጾም ነኝ አልኳት።

ፍሬ ወጣች። ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ብቻዋን። ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ ሽሮ። ሳሙኤል በሌላ በር ወጣ። መልኩን ቀድመው የነገሩኝ የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሙላት ናቸው። ቀጭን፣ ባለመነጽር። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ በዓርብ ሥጋውን በላ። ጴንጤ ነው፣ መብቱ። ወደሷ ዞር አላለም። እሷም ወደሱ። ትናንትም ልክ እንዲሁ። ምሳ ሰዓት አለቀ፣ እያንዳንዳቸው በየበራቸው ገቡ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የኔን ሚስት ዞር ብሎ የማያይ ምን ዓይነት ዓይን ነው?

ስመለስ ጋሽ ሙላት በር ላይ ናቸው። ኑሮ እንዴት ነው፣ ፍሬ ሥራውን ወደደችው ወይ አሉኝ። ቀልድ መጣልኝ። ከኔ ይልቅ ከሳሙኤል ጋር በስልክ ስታወራ ነው የምታመሸው፣ መልሳቸው አንድ የሚሆነው ለዚያ ነው አልኳቸው። ጥርሴን ሁሉ አሳየሁ። አልሳቁም። አንዳንድ ሰው ቀልድ አይገባውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ፍሬ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

ዶ/ር ሕይወት ጠርታታለች። ሳሙኤልንም፣ ለብቻው። እንደምትደዋወሉ ሰምቻለሁ፣ ስምምነታችሁም በዝቷል ብላ። እውነት ከሆነ ሁለቱ ከክረምት ጀምሮ ያዩት ብርሃን በሙሉ ይጣላል። ኮምፒውተሩ የሚማረው ከነሱ መልስ ነው፤ የነሱ ካልታመነ የሱም አይታመንም። ሁለቱም ይሰናበታሉ። ፍሬ ስልኳን አሳየች። የተደወለ ከስልክ ላይ ይሰረዛል ተባለች። የጽሑፍ መልስ ሰጠች፦ ተነጋግረን አናውቅም፣ ምሳ እንኳ ብቻዬን ነው የምበላው። የሚመሰክርልሽ ካለ እስከ ሐሙስ አምጪ አሏት።

«ደሬ፣ እዚያ ጥላ ሥር ብቻዬን ስበላ ማን ያየኛል?» አለችኝ።

ውሃ ላምጣልሽ አልኩ። አመጣሁ። አልጠጣችውም። ማን እንዲህ ያለ ነገር ያወራብኛል፣ ምን አድርጌው ነው ትላለች። ብርጭቆው ላይ አፈጠጥኩ። ቀልድ አልመጣልኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከቀኑ 10 ሰዓት

ብሎን ሳላጠብቅ የሰው መኪና ልለቅ ነበር። ባለቤቱ ስድቡን አወረደብኝ። ልክ ነው።

ጋሽ ሙላት ጋ ሄድኩ። ቀልድ እኮ ነበር ጋሼ አልኩ። ፊታቸው አልተፈታም።

«ባሏ ነህ፣ አንተን ካላመንኩ ማንን ልመን? ያልከኝን ነው የነገርኳት። ቀልድ ከሆነ ግባና ለዶክተሯ ቀልድላት።»

አልገባሁም። በሩ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። ገብቼስ? ቀልድ ነበር ብል ሚስቱን ሊያድን ነው ይላሉ። የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፦ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ስሰልላት እንደነበር መናገር። አስተናጋጇም ትመሰክራለች፤ በአንድ ስፕሪስ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው አይረሳም። ያን ካልኩ ግን ፍሬ ትሰማለች። ከዚያ ጎሮ በሙሉ ይሰማል። እኔ ሰፈሩን የማስቅ እንጂ ሰፈሩ የሚስቅብኝ ሰው አልነበርኩም።

ቤት ስገባ ያን የሣለችልኝን ወረቀት አገኘሁት። ደጋግሜ አየሁት። አሁን ገባኝ፣ ጉብታው። እውነቴን ነው። ለማን ልንገር?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ከጠዋቱ 1 ሰዓት

የሥራ ቦታዬ በር ላይ ካርቶን ሰቅያለሁ። ዛሬ ዝግ ነው ይላል። በራሴ ጽሕፈት። ዝ ቆንጆ ወጥታለች። ነጭ ሸሚዜን ለብሻለሁ። ፍሬ ወዴት ነው አለችኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ሊያበረታታኝ ነው ብላ ይሆናል። ይሄ አንጀቴን በላው።

ሌሊቱን ሕጋቸውን ሳስበው አደርኩ። ሁለት ዓይን፣ ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ። እሷ መልሷን ማክሰኞ ሰጥታለች። ያየሁትን እስካሁን አልነገርኳትም። እሷ ብቻዬን ነበርኩ አለች፤ እኔ ብቻዋን አየኋት። ይኸው ተስማማን። በመጋረጃው ያልሆነው በዚህ ሆነ። ሳሙኤል ይቅርታ፣ ሁለተኛ ዓይኗ እኔ ነኝ።

እንዲህ ብዬ እየፎከርኩ ሁለት ፊደል ሰረዝኩ። ጽሕፈቴን አትይ ዛሬ።

ከዶ/ር ሕይወት በፊት ግን ፍሬ መስማት አለባት። የጥላውንም፣ የጋሽ ሙላትንም። ሰው ፊት እንድትሰማው አላደርጋትም። ታክሲ ውስጥም አይሆንም፤ ከጎሮ አትላስ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮት ብታዞር እኔ አልችለውም። እዚሁ በሩ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነው። ቀና ስትል እነግራታለሁ፣ ቀልድ ሳልጨምር። መጀመሪያ የምላት፦ ፍሬ፣ ያየሽ ሰው አለ። ከዚያ

ቀና አለች።