በዶሮዎቼ ጉሮሮ የተገኘው

ዳባት፣ ኅዳር 1973 ዓ.ም.

ውድ ጥሩዬ፣

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ታውቂኛለሽ። ዶሮዎቼን የፈጀሻቸው አንቺ አይደለሽም። ቡዳ ናት ብዬ መጀመሪያ ያወራሁት ግን እኔ ነኝ።

እንስራዬን ሠርተሽ ያመጣሽልኝ ዕለት ዶሮ ቤቱ ጋ ቆመሽ «እንዴት ወፍረዋል አንቺ» ብለሽ ሳቅሽ። በሳምንቱ አፋቸውን ከፍተው ያስሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። አራቱ ሞቱብኝ። ውኃ ስንቀዳ ለጎረቤቴ ለአመተ ማርያም «የጥሩዬ ዓይን ነው» አልኳት። በቃ፣ ያቺ ቃል በቂ ነበረች። ገበያ ላይ ሸክላሽን የሚገዛ ጠፋ፣ እናቶች አንቺን ሲያዩ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍኑ ጀመር። አንቺም ልጆችሽን ይዘሽ ጎንደር ወንድምሽ ዘንድ ወረድሽ። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር አምስተኛዋ ስትሞት የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ያርጋል ከደባርቅ መጥቶ ነበር። ጉሮሮዋን በመቀስ ሰንጥቆ በማጉያ መስታወት አሳየኝ። የጤፍ ፍሬ የማያክሉ ነጫጭ ተባዮች ይርመሰመሳሉ። «የመዥገር ዘመዶች ናቸው፤ መተንፈሻዋ ውስጥ ነው የሚኖሩት» አለኝ። ቀጥሎ «በቅርቡ አዲስ ዶሮ ቀላቅለሽ ነበር?» ሲለኝ ትዝ አለኝ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ከአምባ ጊዮርጊስ ሦስት ገዝቼ ቀላቅያለሁ። አንደኛዋ ስታስል እየሰማሁ ነው የገዛኋት፤ ረከስ ስላለች።

እኔ ደግሞ ካፈርኩ አይቀር ብዬ፣ በዚያው ቀን የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጉሮሮውን በሳህን፣ ያርጋልን ከነመስታወቱ ይዤ ገባሁ። በየተራ አሳየኋቸው። አያ ወልደ ገብርኤል አጎንብሰው ሲያዩ ቆዩና «እነዚህንስ የላከቻቸው እሷ እንዳትሆን» አሉ።

«አያ፣ በገዛ እጄ ከገበያ ተሸክሜ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ቡዳ ከፈለጉ እኔን ይበሉኝ» አልኳቸው።

ሁሉም አመነ ብዬ አልዋሽሽም። አመተ ማርያም ግን አልቅሳለች።

ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ቅዳሜ ሰንበትሽ፣ እሑድ ሰንበቴ ነው፤ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ዳባት ተመለሺ ብዬ አልጫንሽም፣ እሱ ያንቺ ፈንታ ነው። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤ ልጆችሽ የትም እንዳይሄዱ። እናታቸውን ቡዳ ያልኳት በውሸት እንደሆነ ከእኔው አፍ ይስሙት።

የበደልኩሽ፣
ማዕረግ