የአባያ ሽርሽር

ሶዶ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለእሸቴ። አዲስ አበባ እንዴት ይዛሃለች? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ጸሐፊው ባሌ ብሩ ግን አንጀቴን አሳርሮታል።

«ተዝናኑ» ብለህ ባሳፈርከን በወዳጅህ ጀልባ አባያ ላይ ሦስት ቀን ሰነበትን። ጀልባ ነጂው ቶማ ቅርባችን የተኛ ጉማሬ ሲያሳየን ብሩ «የታል?» አለ። እጁን ይዤ ባመለክትለት «ሕፃን አደረግሽኝ?» ብሎ መነጨቀኝ። ስንወርድም መረማመጃውን ስቶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ጥፋቱም የእኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል።

ትናንት ደብዳቤህን ዘቅዝቆ ይዞ ብዙ ቆየና «ወንድምሽ ደህና ነው» አለኝ። ንዴቴ አልበረደምና ወረቀቱን አላቃናሁለትም።

ለፋሲካ ና ብዬ አልለምንህም፤ ግን ና። ለቤትህ ሰው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ።

እህትህ ሳህሊቱ